የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጠርሙስ

በተፈጥሮዬ ተጨናቂ ነኝ። በር ቆልፌ አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነቀንቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይስ አላጠፋሁትም እያልኩ መንገዱን ሙሉ እሄዳለሁ። ፈተና ላይ ስሜን በትክክል መጻፌን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ሞት ቢመጣብሽ እንኳ ቆይ በሩን ልየው ብለሽ ታስጠብቂዋለሽ እያለች ትስቅብኛለች። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን ስህተት የሠራሁት እኔ መሆኔ እስከ ዛሬ ስለሚገርመኝ ነው። ግድ የሌለው ሰው ቢሠራው አይደንቀኝም ነበር።

ጊዜው የሁለተኛ ዲግሪዬን መመረቂያ ሥራ የምሠራበት ነበር፤ ትምህርቴ ኬሚስትሪ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካሉት ቤቶች ጀርባ የሚያልፈው ወንዛችን አንዳንድ ቀን ሰማያዊ እየሆነ አስቸገረ። ሰማያዊ ስል የሚያምር ዓይነት አይደለም፤ የተማሪ ዩኒፎርም ታጥቦ ሲወጣ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ዓይነት ነው። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ሾላ ገበያ ላይ ገዢ አጡ። ሴቶቹ ጎመኑን አንስተው ግንዱን ገልበጥ አድርገው ያዩና፣ ሰማያዊ ነገር ካዩበት መልሰው አስቀምጠው ወደ ቀጣዩ መደብ ይሄዳሉ። አልሚዎቹ ወረዳ ሄደው አመለከቱ፣ ወረዳው ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴው ትምህርት ክፍላችንን ጠየቀ፣ አማካሪዬ ደግሞ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ሰፈሩን ስለምታውቂው ላንቺ ይቀልሻል አሉኝ። አዎ፣ አውቀዋለሁ አልኩ። የማውቀውን ሁሉ ግን አልነገርኳቸውም።

ከጎመኑ ማሳ በላይ ቀለም የሚጠቀሙ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ከድልድዩ ማዶ ያለ ጨርቅ ማቅለሚያ ወርክሾፕ ነው፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ከመዝጋቱ በፊት ማሽኑን ያጥባል። ሁለተኛው ስድስት ሴቶች ለሸማኔዎች የጥለት ክር የሚያቀልሙበት የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ከሁለቱም የሚደፋ ውሃ ወንዙን የሚያገኘው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ጥፋተኛውን ሊለይ የሚችለው ሰዓት ብቻ ነበር። ውሃው ሰማያዊ የሚሆነው በስንት ሰዓት እንደሆነ ከታወቀ ማን እንደደፋው ይታወቃል። ኮሚቴው ደግሞ የሚደፋው ሲለይ ቦታው ይታሸጋል ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። ከስድስቱ ሴቶች ታላቋ አክስቴ ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ የበላሁትም የተማርኩትም ከዚያ መጠለያ ነው። ለአማካሪዬ ያልነገርኳቸው ይህን ነው።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰኝና ቀለሙ ያለቀለትን በርሜል በባልዲ እየቀዳን ወንዙ ውስጥ እንደፋው ነበር። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ለማንም ሳንታይ። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ፣ ባልዲው እግሬን እየመታኝ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነው ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ ቀለም ጠጪ ይሉኝ ነበር። በኋላ ሴቶቹ ከመጠለያው ጀርባ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ አክስቴም ከዚያ ወዲህ ወንዝ ውስጥ ጠብታ አልደፋንም አለችኝ። አመንኳት። ማመን ፈልጌም ይመስለኛል።

ናሙናውን ራሴ መቅዳት ነበረብኝ። ነገር ግን ጠርሙስ ደርድሬ ወንዙ ዳር ስቀመጥ የመጠለያው ሴቶች ቆመው ሲያዩኝ በሐሳቤ ታየኝና ፈራሁ። ምን ልላቸው ነው? ስለዚህ ጎመን ከሚያለሙት መካከል አንድ አዛውንት ለመንኩ። ሰፈራችን ላይ ቤት ሳይሠራ በዚያ ዳገት ገብስ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ መሬቱ መንደር ሲሆን የቀረቻቸው ያቺ የወንዝ ዳር ቁራጭ ናት። ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ውሏቸው እዚያው ማሳው ላይ ነው። ለሦስት ቀን የሚሆን፣ ለየቀኑ አሥራ ሁለት፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ሰጠኋቸው። ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ አንድ እንዲሞሉልኝና ክዳኑ ላይ በለጠፍኩት ፕላስተር ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፉልኝ ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን ተቀብለው ፕላስተሩ ላይ ሞከሩት፣ ይጽፋል አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን ሞልተው፣ አንዲት ጠርሙስ ሳይሰብሩ መለሱልኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ነገር ለሰው ሲነገር ቀላል ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባል፣ የቤት ማይክሮዌቭ የሚያክል መሣሪያ አለን። ውሃው በትንሽ አራት ማዕዘን ብርጭቆ ተደርጎ ይገባለታል፤ መሣሪያው በአንድ በኩል ብርሃን ይልክበትና በሌላው በኩል ስንቱ እንዳለፈ ያያል። ቀለም የበዛበት ውሃ ብርሃኑን ስለሚውጠው ቁጥሩ ከፍ ይላል። በቅድሚያ የቀለማቸው መጠን የሚታወቅ አምስት ውሃዎች ይለካሉ፤ ቁጥራቸው ኤክሴል ላይ ሲሰፍር በቀጥታ መስመር መሰለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ የወንዙ ውሃ በዚያ መስመር ይመዘናል። ሲወራ ይኸው ነው። ሲሠራ ግን መብራት ይሄዳል፣ የመሣሪያው አምፖል እንደገና እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ ብርጭቆው ላይ የጣት አሻራ ካረፈ ቁጥሩ ይዛባል። እኔ ብርጭቆውን በሶፍት ስወለውልና መልሼ ስወለውል፣ ከእኔ ቀጥሎ ወረፋ የያዘው ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ምሳውን በልቶ ይመለስ ነበር።

ሠላሳ ስድስቱን ጠርሙሶች ከካርቶኑ ያወጣኋቸው እጄ እንዳገኘ ነው። በአንዱ ዓምድ ቀኑን፣ በሁለተኛው ሰዓቱን፣ በሦስተኛው መሣሪያው የሰጠኝን ቁጥር ጻፍኩ። ቀመሩን አንድ ጊዜ ጽፌ እስከ ታች ጎተትኩት። ለየሰዓቱ የሦስቱን ቀን አማካይ ወሰድኩ። ከዚያ የሰዓቱን ዓምድ መርጬ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርልኝ አልኩት። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ሠራ፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ደረደረልኝ። ግራፍ ሣልልኝ አልኩት፣ ሣለልኝ።

መስመሩ በግራ በኩል፣ አንድና ሁለት ሰዓት ላይ ትንሽ ጉብ ብሎ ወረደ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መሬት ለመሬት ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ማታ ማለት ነው። ወርክሾፑ ማሽኑን የሚያጥብበት ሰዓት። የእኛ አይደለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን እፎይ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። የጠዋቷን ጉብታ ሌሊቱን የወርክሾፑ ቦይ ውስጥ ያደረ ቀለም ነው ብዬ አለፍኳት። ቀመሩን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ፣ የንጹሑን ውሃ ቁጥር ፈተሽኩ፣ የመስመሩን ቀጥታነት ፈተሽኩ፤ አስተማሪ የሚጠይቀውን ሁሉ ፈተሽኩ። ሰዓቱን ግን ማን ይፈትሻል?

አማካሪዬ ውጤቱን ወደውት ለኮሚቴው ላኩት፤ ስብሰባውም ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። እኔ አንድ ቅጂ አትሜ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ድንች እየላጠች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ፊደል ታውቃለች፣ ግራፍ ግን አይታ አታውቅም፤ እንደ ዳገትና ቁልቁለት አድርጌ አስረዳኋት። ዳገቱ ያለበት ሰዓት ቀለም የተደፋበት እንደሆነ፣ ያም ማታ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ መጠለያውን የሚነካው እንደሌለ ነገርኳት። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጠዋቱ የት ነው?» አለችኝ።

በግራ በኩል ያለችውን ጉብታ አሳየኋት። ይህችው ናት፣ ጠዋት ምንም የለም ማለት ይቻላል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ልትለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ በእግሯ ወጣች። ሴቶቹ ለምስጋና ነው የሄደችው አሉኝ። እነሱማ ወረቀቱን ከእኔ ወስደው መጠለያው በር ላይ ለጠፉት፤ አንደኛዋ አንገቴን አቅፋ አለቀሰችብኝ። አክስቴ ግን ከራጉኤል ከተመለሰች በኋላ ስለ ግራፉ አንድ ቃል አላወጣችም።

ስብሰባው አራት ቀን ሲቀረው አዛውንቱን ላመሰግን ስኳርና ዳቦ ይዤ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጎመኑ መሐል ተቀምጠው አረም ይነቅሉ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስላደከምኳቸው፣ በተለይ ደግሞ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስላስመሸኋቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ልጄ ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ እኔ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ምን እሠራለሁ? ጅቡ ከእንጦጦ ሲወርድ ላየው? አሥራ አንድ ሲል እኮ ተነስቼ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ታዲያ አሥራ ሁለት የሚለውን ጠርሙስ መቼ ሞሉት አልኳቸው።

«ሲነጋ ነዋ። ከሁሉ በፊት የሞላሁት እሱን ነው። ውሃው በዚያ ሰዓት እጅ ይቆርጣል።»

ክው አልኩ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም ስነሳም ስተኛም በዚያው ሰዓት ነው የምኖረው። አዛውንቱ ከጠዋት ብያቸው ከጠዋት መጀመሪያ ጀመሩ፤ ትክክል ነበሩ። እኔ ግን ጠዋት ስል በሐሳቤ ከአንድ ሰዓት ማለቴ ነበር፤ ለኮምፒውተሩም ቁጥሩን ብቻ ሰጠሁት። ለእሱ አሥራ ሁለት ከአሥራ አንድ ይበልጣል፣ በቃ። የቀኑን የመጀመሪያ ጠርሙስ አንስቶ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው፤ ማታ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰማያዊው ውሃ የማታ ሳይሆን የንጋት ነበር። ንጋት ላይ ባልዲ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው ማን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዳቦውን እንዴት እንደሰጠኋቸው አላስታውስም። ዳገቱን እያለከለክኩ ወጣሁና ታክሲ ያዝኩ። ላቦራቶሪ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ረድፍ ቆርጬ ከላይ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት አስገባሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ግራፉ ዓይኔ እያየ ተገለበጠ። መስመሩ ከከፍታ ጀምሮ ቁልቁል ወረደ፤ ያቺ ያደረ ቀለም ነው ያልኳት ጉብታ የቁልቁለቱ ጭራ ሆና ልክክ ብላ ገጠመች። የተደፋ ቀለም ወንዙ ሲወስደው እንደዚያ ነው የሚቀንሰው፤ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ቢሣል ከዚህ የተለየ አይሆንም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ አላበቃሁም። ያን ረድፍ ማጥፋት ይቻላል። ከሌሎቹ የራቀ ነጥብ ነው፣ ጠርሙሱ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል ተብሎ በአንድ መስመር ማስታወሻ ይታለፋል፤ ሲደረግም አይቻለሁ። አጠፋሁት። መስመሩ ዝርግ ሆነ፤ ማንም ምንም አልደፋም፣ ወንዙም ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። መለስኩት። እንደገና አጠፋሁት። ፋይሉን «የመጨረሻ» ብዬ አስቀመጥኩ፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ እውነተኛው»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት»። የአክስቴን ጉልበት አሰብኩ፤ በዚህ ዕድሜዋ ከዚያ ከወጣች ምን ትሠራለች? ሌሎቹን ሴቶች አሰብኩ፣ አንገቴን አቅፋ ያለቀሰችውን። ከዚያ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑ በር ላይ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈው የማያቸው ልጃገረዶች ትዝ አሉኝ። እኔ ባወጣሁት የማታ ስም የሚታሸገው የእነሱ በር ነበር። ረድፉን መለስኩትና ሐሳቤን ሳልቀይር ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ አማካሪዬ ቢሮ ገብቼ ስህተቴን ነገርኳቸው፣ አዲሱን ግራፍም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አልተቆጡኝም። እሳቸውም አይተው እንዳለፉት፣ ሰዓቱን መጠየቅ የነበረባቸው ቀድመው እሳቸው እንደነበሩ ተናገሩ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ስህተቱን በራሴ አፍ እንዳስረዳ አዘዙኝ። ልወጣ በሩን ስይዝ ጠሩኝ።

«ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም ዶክተር» አልኳቸው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሆን ብዬ የዋሸሁት ውሸት ይኸኛው ነው። ከስህተቱ ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል።

ለአክስቴም መናገር ነበረብኝ። ሦስት ቀን ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን አፌን ከፈትኩና ጨው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በሁለተኛው ቀን መጠለያው ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ የተሳሳተው ግራፌ እንደተለጠፈ ነው፤ ሴቶቹ ክሩን ከበርሜል እያወጡ ይቀላለዳሉ። አንዷ፣ የኛ ዶክተር መጣች ብላ ወንበር ጠረገችልኝ። ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ሆኜ ወደ ጓሮ ዞርኩና ጉድጓዱን አየሁት። እስከ አፉ ሞልቶ የቆመ ሰማያዊ ውሃ ነበር፤ ከአፉ እስከ ወንዙ ባለው ሣር ላይም የባልዲ ጠብታ መንገድ አውጥቷል። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ እዚያው ሰፈር እየኖርኩ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ጓሮ ዞሬ አላውቅም። ምንም ሳልናገር ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን አሞኛል ብዬ ተኛሁ፤ አክስቴ አጥሚት ሠርታ አመጣችልኝ፣ ግንባሬንም በእጇ ጀርባ ዳሰሰችኝ። ትኩሳት የለሽም፣ ምን ሆነሻል አለችኝ። ፈተና ደርሶብኝ ነው አልኳት።

ስብሰባው በወረዳው አዳራሽ ነበር። ፕሮጀክተሩ አልሠራ ስላለ ግራፉ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከፊት የኮሚቴው አባላት ተቀምጠዋል፤ በአንድ ወገን የወርክሾፑ ሰዎች፣ በሌላው ወገን ስድስቱ ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከኋላ ደግሞ አዛውንቱ ከሌሎቹ ጎመን አልሚዎች ጋር። አማካሪዬ ጥግ ይዘዋል። አክስቴ ወረቀቱን ከሩቅ ታየው ነበር። ዳገቱ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ ገብቷት እንደሆነ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም።

ተነስቼ አስረዳሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ስህተት እንደነበር፣ ስህተቱም የእኔ እንደሆነ፣ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጠርሙስ የተሞላው ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። አዛውንቱም ከኋላ ብድግ ብለው መሰከሩ። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሆነ፤ አንድ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሮ ሰዓት መቁጠር ይጠፋል ወይ አለ። ሳቁ በቀጠለ ብዬ ተመኘሁ። ሰብሳቢው ግን እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙና፣ ታዲያ ንጋት ላይ የሚደፋው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

«መሣሪያው ሰዓቱን እንጂ ሰውየውን አይነግረንም» አልኩ።

እውነት ነው፤ ፈተና ላይ ብጽፈው ሙሉ ማርክ ያሰጣል። ሰብሳቢው ግን አልለቀቁኝም። መሣሪያውን ተይው፣ አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ፣ ራስሽ የምታውቂውን ንገሪን አሉኝ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። አማካሪዬ ከጥግ ሆነው ሲያዩኝ ይታወቀኛል። ከወርክሾፑ ሰዎች አንዱ፣ እነሱ በሩን የሚከፍቱት ሁለት ሰዓት እንደሆነ መናገር ሲጀምር አክስቴ ተነስታ ወደ ፊት መጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። አጠገቤ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ጠዋቱ የት ነው አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። እሷም በሳሙናም በሎሚም የማይለቀውን ሰማያዊ ጣቷን እዚያው ከፍታው ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች። ጉድጓዱ ሥሩ አለት ስለሆነ ውሃው እንደማይሰርግ፣ ሞልቶ ሲያስቸግራቸው ሰው ሳይነሳ እየቀዱ ወንዝ እንደሚደፉት፣ ሌሎቹ ሴቶች ያደረጉትም እሷ ስላዘዘቻቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። ጎመን አልሚዎቹን ዞራ ይቅርታ ጠየቀች። ጸሐፊው ጽፎ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች። «ይህች ልጅ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፉት።»

አማካሪዬ ወደተቀመጡበት ጥግ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

መጠለያው በዚያው ሳምንት ታሸገ። ማጣሪያ ገንዳ ሲሠራለት ይከፈታል ተብሏል፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ገና አልተከፈተም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ውሃ ጨርሶ ስላልተለካ የወርክሾፑን ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲያጣራው ተወሰነ፤ እኔ ከሥራው ወጣሁ። አማካሪዬ ሌላ ርዕስ ሰጡኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ ከመጀመሪያውም ለሌላ ተማሪ እሰጠው ነበር፣ ያን ያህል ብቻ ነበር አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሰንጠረዥ ሁሉ እየቆጠሩ ያያሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ከስብሰባው በወጣንበት ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም ነበር። ሴቶቹ ቀድመውን ሄዱ፤ እኔና አክስቴ ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት አብረን ወጣን። ጉልበቷ ስለሚያማት በየመብራት እንጨቱ እየቆምን ነው። አስቀድሜ ስላልነገርኳት ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስመርጥ እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን ጠዋቱ የት ነው ስልሽ ምንም የለም አልሽኝ» አለች።

አስታውሳለሁ አልኳት።

«እኔ ግን የደፋሁትን አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ የደበቅሽው መሰለኝ። ራጉኤል የወጣሁት ላመሰግን አይደለም። ይቅር በላት ልለው ነው።»

እግሬ ቆመ። እኔ ባለማወቅ የሠራሁትን እሷ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ኃጢአቴ ቆጥራ ስትሸከመው ሰንብታለች፤ አጥሚቱን ስትሠራልኝ፣ ግንባሬን ስትዳስሰኝ፣ ዋሾ ናት ብላ እያሰበች ነበር።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ መልሳ አጣፋችው።

«ደስ ብሎኝ ነበራ» አለች።

እኔም ያን ግራፍ ሳይ ሰዓቱን ያልፈተሽኩት ደስ ብሎኝ ነው። የተቆለፈ በር ሦስት ጊዜ የምነቀንቅ ሰው፣ ግራፉ የፈለግኩትን ሲያሳየኝ አንዴም አልነቀነቅኩትም። ይህንኑ ነገርኳት። ክንዴን ያዘችና እስከ ቤት ድረስ ወጣን።